ቄስ ክራፕፍ በአንኮበር፤ ስለ እምነት፣ ስለ ድኅነትና ስለ ሥራ ፍሬ

የኢዮቤልዩ በዓል በሚከበርበት ጊዜ ሰው ሁሉ ወደ ኋላው ተመልክቶ የተሠራውን ሥራ ይቈጥራል። ቤተ ክርስቲያኑን ማን እንደ ተከለው፣ ጣራውን ማን እንደ ከደነው፣ ደወሉን ማን እንደ ሰጠው ይጠይቃል። ይህም መልካም ነው፤ ውለታን መርሳት የክርስቲያን ጠባይ አይደለምና። ነገር ግን ኢዮቤልዩ በኦሪት ዘሌዋውያን በ25ኛው ምዕራፍ በታዘዘ ጊዜ ሰው የሠራውን የሚቈጥርበት ዓመት አልነበረም። በዚያ ዓመት ባሪያው ዋጋ ሳይከፍል አርነት ይወጣ ነበር፤ ርስቱን የሸጠውም ድኻ መልሶ ሳይገዛው ወደ ርስቱ ይገባ ነበር። ስለዚህ ኢዮቤልዩ ከጥንት ጀምሮ የደመወዝ ዓመት ሳይሆን የስጦታ ዓመት ነው።

ሰው የሚድነው በሚሠራው ሥራ ነውን፣ ወይስ በሚቀበለው ጸጋ? ይህ ጥያቄ በአንኮበር ከተማ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን በብርቱ ተጠይቆ ነበር። ጥያቄውን ይዞ የመጣው እንግዳ ሰው መልሱን በአፉ ካስተማረው ይልቅ በገዛ ሕይወቱ መከራ ተማረው። ታሪኩም እንደሚከተለው ነው፤ በውስጡ የተጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የነገሩ መሠረት እንዲታወቅ አስቀድሞ ስለ ሉተር ጥቂት መናገር ይገባል። ማርቲን ሉተር በጀርመን አገር በ1483 ዓ.ም. ተወልዶ በ1546 ዓ.ም. ዐረፈ። በወጣትነቱ መንኵሶ በጾምና በጸሎት፣ በትጋህና በኑዛዜ ሥጋውን እጅግ ያደክም ነበር። ሆኖም ድካሙ በበዛ ቍጥር ልቡ አልተረጋጋም፤ እግዚአብሔርን ደስ ለማሰኘት የሚበቃው ልክ ወዴት እንደ ሆነ ማወቅ አልቻለምና። የሠራውን በመዘነ ጊዜ ሁሉ ጐደሎ ሆኖ ያገኘው ነበር። በኋላ በዊተንበርግ ከተማ የመጻሕፍት መምህር ሆኖ ሳለ ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ሮሜ ሰዎች የጻፈውን መልእክት ሌትና ቀን መረመረ። ሲመረምርም የእግዚአብሔር ጽድቅ የተባለው እግዚአብሔር ኃጢአተኛውን የሚቀጣበት ብቻ ሳይሆን በክርስቶስ ለሚያምን ሁሉ በነጻ የሚሰጠው መሆኑን አስተዋለ። ከዚህም በኋላ በጥቅምት ወር በ1517 ዓ.ም. የኃጢአት ሥርየት ደብዳቤ በገንዘብ መሸጡን በመቃወም 95 አንቀጾች አወጣ፤ በአውሮፓም ታላቅ ክርክር ተነሣ።

ሉተራውያን ስለ ድኅነት የሚያስተምሩት ትምህርት በአጭሩ እንደዚህ ነው። ሰው በእግዚአብሔር ፊት የሚጸድቀው በሥራው ዋጋ አይደለም፤ ስለ ክርስቶስ ሞትና ትንሣኤ በጸጋ፣ ይህንንም ጸጋ በእምነት በመቀበል ነው። በ1530 ዓ.ም. በአውግስቡርግ ከተማ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ባቀረቡት የሃይማኖት መግለጫ በ4ኛው አንቀጽ ይህን ጽፈውታል። እምነት ማለትም ነገሩ እውነት ነው ብሎ በአፍ መመስከር ብቻ አይደለም። ሕፃን በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ገደል ሲሻገር በእናቱ እንደሚታመን፣ እንዲሁ በክርስቶስ መታመን ነው። የታዘለ ሕፃን በእግሩ አልሄደም፤ ነገር ግን ተሻግሯል።

መግለጫው በዚህ ብቻ አላበቃም፤ በ6ኛው አንቀጽ እምነት መልካም ፍሬ ማፍራት እንደሚገባው ይናገራል። የገብስ ማሳ የሚያሸተው ዘር ስለ ተዘራበት ነው እንጂ፣ ስላሸተ ዘር የተገኘበት አይደለም። መልካም ሥራም እንዲሁ የድኅነት ፍሬ እንጂ የድኅነት ዋጋ አይደለም ይላሉ። ሉተር ጾምንም ጨርሶ አልናቀውም። በ1529 ዓ.ም. ባወጣው ትንሽ የትምህርተ ክርስትና መጽሐፍ፣ ወደ ቅዱስ ቍርባን ለሚቀርብ ሰው መጾም መልካም የውጭ ሥርዓት እንደ ሆነ፣ ሰውን የሚያበቃው ግን በቃሉ ማመን እንደ ሆነ አስተምሯል።

ይህ ትምህርትና የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የተገናኙት ገና ሉተር በሕይወቱ ሳለ ነው። በ1534 ዓ.ም. ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ወደ ዊተንበርግ መጥቶ ከሉተር ጋር ስለ ሃይማኖት ተነጋገረ። ሉተርም ከእንግዳው የሰማው የኢትዮጵያ የቅዳሴ ሥርዓት ከነርሱ ሥርዓት ጋር የሚስማማ መሆኑን መሰከረ። ሉተር መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ በጀርመንኛ ያወጣበት ዓመትም ይኸው 1534 ዓ.ም. ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ደግሞ ሂዮብ ሉዶልፍ የተባለ ሉተራዊ ሊቅ አማርኛን ከአማራው ተወላጅ ከአባ ጎርጎርዮስ ተማረ። በ1652 ዓ.ም. አባ ጎርጎርዮስ ወደ ጀርመን አገር ወደ ጎታ ሄዶ ከሊቁ ጋር ብዙ ቀን ተቀመጠ፤ ሉዶልፍም የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1698 ዓ.ም. አሳተመ። እንግዲህ በመጀመሪያ መምህሩ ኢትዮጵያዊው፣ ደቀ መዝሙሩም ጀርመናዊው እንደ ነበረ ልብ ማለት ይገባል።

ከነዚህም ሁሉ የሚበልጥ ሥራ የሠራ አንድ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ አለ። አቡ ሩሚ የተባለው ይህ ሰው በግብፅ አገር በካይሮ ተቀምጦ 10 ዓመት ያህል ደክሞ መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ አማርኛ መለሰ፤ ሥራው ሲታተም ሳያይም ሞተ። የእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ጽሑፉን በ1820 ዓ.ም. ገዝቶ አራቱን ወንጌላት በ1824፣ ሐዲስ ኪዳንን በ1829፣ መላውን መጽሐፍ በ1840 ዓ.ም. አሳተመ።

ወደ አንኮበር የመጣው ሰው ዮሐንስ ሉድቪግ ክራፕፍ ይባላል። በ1810 ዓ.ም. በጀርመን አገር በቱቢንገን አጠገብ ከገበሬ ቤት ተወለደ። የተጠመቀውና ያደገው በሉተራውያን ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ትምህርቱን በባዝልና በቱቢንገን ከፈጸመ በኋላ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የሚሲዮን ማኅበር ወደ ኢትዮጵያ ላከው። አስቀድሞ በትግሬ አገር በዐድዋ ከጓደኛው ከኢዘንበርግ ጋር ነበረ፤ በ1838 ዓ.ም. ግን በደጃዝማች ውቤ ትእዛዝ ከዚያ ወጡ። ከዚህም በኋላ ሁለቱ በታጁራ በኩል የአፋርን በረሓ አቋርጠው በ1839 ዓ.ም. በክረምት መግቢያ ወደ ሸዋ ደረሱ።

ከቈላው ወደ አንኮበር የሚወጣ መንገደኛ የዓልዩ አምባን ገበያ ትቶ ዳገቱን ሲወጣ ዋዕዩ ቀርቶ ብርድና ጉም ይቀበለዋል። በተራራው ጫፍ የንጉሡ ግቢ፣ በዙሪያውም አብያተ ክርስቲያናት ነበሩ። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከ1813 እስከ 1847 ዓ.ም. ሸዋን የገዛ፣ አንኮበርን፣ አንጎለላንና ደብረ ብርሃንን መቀመጫ ያደረገ ብርቱ ንጉሥ ነበረ። እንግዶቹን በመልካም ተቀበላቸው፤ ሆኖም ከመጽሐፍ ይልቅ የጠብመንጃ ሠሪ፣ የእጅ ባለ ሙያና መድኃኒት ዐዋቂ ይወድ ነበር። ኢዘንበርግ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ወደ አገሩ ተመለሰ፤ በ1841 የአማርኛ መዝገበ ቃላት፣ በ1842 ዓ.ም. ደግሞ የአማርኛ ሰዋስው በለንደን አሳተመ። ክራፕፍ ግን በአንኮበር ብቻውን ቀረ።

በዚያ ጊዜ የሸዋ ሊቃውንት በሌላ ታላቅ ጥያቄ ተይዘው ነበር። ስለ ክርስቶስ ልደትና ስለ መቀባቱ፣ አንዱ ወገን ሦስት ልደት፣ ሌላው ወገን ሁለት ልደት እያለ ይከራከር ነበር። ክርክሩ የተቈረጠው ከብዙ ዓመት በኋላ በ1878 ዓ.ም. በአጼ ዮሐንስ ዘመን በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ነው። ከእንዲህ ያለ ጉባኤ መካከል የገባው ክራፕፍ ያነሣው ጥያቄ ለጆሮ እንግዳ ነበር። ካህናቱ ክርስቶስ ማን እንደ ሆነ ሲመረምሩ፣ እርሱ ክርስቶስ ለኃጢአተኛው ምን እንደ ሰጠና ኃጢአተኛውም እንዴት እንደሚቀበለው ይጠይቅ ነበር። ሁለቱ ጥያቄዎች የሚራራቁ ይመስላሉ፤ ሥራቸው ግን አንድ ነው። የሰጪውን ማንነት ያላወቀ የስጦታውን ዋጋ አያውቅም፤ ስጦታውን ያልተቀበለም የሰጪውን ስም በከንቱ ያጠናል።

ክርክሩ የሚጠነክረው ስለ ጾም፣ ስለ ቅዱሳን አማላጅነትና ስለ እመቤታችን ክብር በሚነሣበት ጊዜ ነበር። ክራፕፍ ጾም ኃጢአትን ሊያስተሰርይ አይችልም ብሎ ሲናገር፣ የሁዳዴን 55 ቀን፣ ረቡዕንና ዓርብን ከልጅነቱ ጀምሮ ለጠበቀ ሰው የአባቶቹን ሥርዓት ያፈረሰ ይመስለው ነበር። በዚህ ነገር ለሁለቱም ወገን ፍርድ መስጠት የሚገባው አንባቢ አስተውሎ ይስጥ። ጾም ለብዙው ሕዝብ የድኅነት መግዣ ገንዘብ ሆኖ ቢታሰብ፣ ሉተር በገዳሙ ሳለ እንዳገኘው ያለ ጭንቀት ያመጣል፤ ልኩ የማይታወቅ ዕዳ የሚከፈልበት ቀን የለውምና። ነገር ግን ያ የሚጾመው ክርስቲያን በሰሞነ ሕማማት ወድቆ ሲሰግድ፣ በእግዚኦታውም ጊዜ ከካህኑ ጋር ሲለምን፣ የሚጠይቀው ምሕረት ነው እንጂ የጾሙን ደመወዝ አይደለም። 55 ቀን የጾመ ሰው በመጨረሻው ባዶ እጁን ዘርግቶ ማረኝ ካለ፣ በልቡ ያለው ተስፋ ከሥራው ሳይሆን ከጌታው ነው። ክራፕፍ ሊያስተምር የመጣው ዋና ነገር በቅዳሴው ውስጥ በየቀኑ ይጮኽ ነበር።

እርሱ ግን ይህን ሁልጊዜ አላስተዋለም፤ ወጣት ነበረና፣ የሰውንም አገር ሥርዓት በገዛ አገሩ ሚዛን ብቻ የመዘነበት ጊዜ ነበር። ደግሞም የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ በ1841 ዓ.ም. ወደ ሸዋ በመጣ ጊዜ ክራፕፍ በንግግሩ ረዳው፤ በዚያውም ዓመት በኅዳር ወር ንጉሡና መልእክተኛው ውል ተዋዋሉ። ከዚያ ወዲያ ወንጌል ሊያስተምር የመጣው ቄስና ለመንግሥት ጉዳይ የመጣው ወታደር በሰው ዓይን አንድ ሆነው ታዩ። ይህም ለስብከቱ አልጠቀመውም።

በ1842 ዓ.ም. በመጋቢት ወር ክራፕፍ ከአንኮበር ወጣ። የወጣውም ወደ ባሕር ወርዶ እጮኛውን ሮዚና ዲትሪክን ሊቀበል፣ ከዚያም ከርስዋ ጋር ወደ ሸዋ ሊመለስ አስቦ ነበር። በወሎ አገር አዳራ ቢሌ የሚባል ባላባት አስሮ ያለውን ሁሉ ቀማው፤ ባዶ እጁን በብዙ ድካም ምጽዋ ደረሰ። በግብፅ አገር ከተጋባ በኋላ ወደ ሸዋ ለመግባት ደከመ፤ መንገዱ ግን ተዘጋበት። በ1843 ዓ.ም. በምጽዋ በኩል ወደ ትግሬ ሲሞክር ሚስቱ በበረሓ ያለ ጊዜዋ ሴት ልጅ ወለደች፤ ሕፃኒቱም ሞተች። አባትዋ በአማርኛ «እንባ» ብሎ ስም አወጣላት። በትግሬም መቀመጥ አልተፈቀደለትም። ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ወደ ሞምባሳ ሄደ፤ በዚያም በ1844 ዓ.ም. ሮዚናና ሌላይቱ አራስ ልጁ በንዳድ ሞቱ።

እንግዲህ የዚህ ሰው ሥራ ይቈጠር ቢባል ምን ይገኛል? በአንኮበር ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት እስኪቀሩት ድረስ ተቀመጠ፤ የሉተራውያን ማኅበር አልተመሠረተም። ለበጎ ብሎ የሄደበት መንገድ ሁሉ ተዘጋበት፤ ልጆቹንና ሚስቱን ቀበረ። ሰው በሥራው ፍሬ የሚመዘን ቢሆን፣ ክራፕፍ በአንኮበር በሚዛኑ ላይ የሚያኖረው አልነበረውም። ሰው በሥራው አይጸድቅም ብሎ ሌሎችን ያስተምር የነበረው ሰው፣ ሥራው ሁሉ ከእጁ በወደቀ ጊዜ ያንን ቃል ለራሱ ሊያምነው ግድ ሆነበት። ብዙ ሥራ የተሳካለት ሰው በጸጋ ዳንሁ ማለት አይከብደውም፤ የሚደገፍበት ሌላ ነገር አለውና። የክራፕፍ እምነት የተፈተነው በስብከቱ ቀን ሳይሆን በሞምባሳ ባሕር ዳር በመቃብሩ አጠገብ ነው። ከዚያም በኋላ አገልግሎቱን አልተወም።

ሆኖም ዘር በመሬት ውስጥ ሳለ አይታይም። ክራፕፍ ከኢትዮጵያ ሳለ መጻሕፍት ያሰባስብና ያስገለብጥ ነበር። ያስጻፈው የመጽሐፈ ኩፋሌ ግልባጭ ወደ ቱቢንገን ደርሶ፣ የግእዝ ሊቅ ዲልማን በ1850 እና በ1851 ዓ.ም. ወደ ጀርመንኛ መልሶ አሳተመው። ኩፋሌ ዘመናትን በኢዮቤልዩ የሚቈጥር፣ በሙሉ ተጠብቆ የተገኘውም በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ብቻ የሆነ መጽሐፍ ነው። እንግዲህ ሊሰጥ የመጣው መምህር ተቀብሎ ሄደ። ሌላም ነገር አለ፤ ለኢትዮጵያ ሰዎች ያመጣላቸው የአማርኛ መጽሐፍ ራሱ የኢትዮጵያዊው መነኩሴ የአቡ ሩሚ ድካም ነበር። ክራፕፍ ወደ አንኮበር ዳገት ሲወጣ በጭነቱ ውስጥ የነበረው መጽሐፍ እርሱ ያልጻፈው፣ የጻፈውም ሰው ፍሬውን ያላየው መጽሐፍ ነበረ። ሊያስተምር ከሚመጣው ሰው ጸጋው ቀድሞት ነበር።

በእርጅናውም ዘመን ክራፕፍ በጀርመን አገር በኮርንታል ተቀምጦ የአማርኛውን መጽሐፍ ቅዱስ በማረምና የኦሮምኛውን በማሳተም ይደክም ነበር። ኦሮምኛን መማር የጀመረው በአንኮበር ሳለ ነው። የአጼ ቴዎድሮስን ታሪክ የጻፈው ደብተራ ዘነብ በሸዋ ተቀምጦ የመለሰው የኦሮምኛ ሐዲስ ኪዳን በ1876 ዓ.ም. በስዊስ አገር በቅዱስ ክሪስኮና ታተመ። ክራፕፍ በ1881 ዓ.ም. በኅዳር ወር ሌሊት በአልጋው አጠገብ ለጸሎት እንደ ተንበረከከ ሞቶ ተገኘ። ከዚያ በኋላ አናሲሞስ ነሲብ መላውን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ዓ.ም. በዚያው በክሪስኮና አሳተመ። በ1904 ዓ.ም. የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን መልእክተኛ ሴደርክቪስት ወደ አዲስ አበባ ገባ፤ በ1959 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ተመሠረተች። ይህ ሁሉ የሆነው ክራፕፍ በአንኮበር ካየው ዕለት ብዙ ርቆ ነው፤ አንዱ ይዘራል፣ ሌላው ያጭዳል የተባለውም በዚህ ተፈጸመ።

ይህ ታሪክ የሚያስተምረው አንዱን ወገን ለማክበርና ሌላውን ለማዋረድ አይደለም። በመካከላቸው እስከ ዛሬ ያልተቈረጠ ልዩነት አለ፤ ስለ ምሥጢራት፣ ስለ ቅዱሳን፣ ስለ ሥራና ስለ እምነት አነጋገራቸው ይለያል። ሐዋርያው ያዕቆብ ሥራ የሌለው እምነት የሞተ መሆኑን ማስተማሩን ሁለቱም ያነባሉ፤ ሐዋርያው ጳውሎስም ማንም እንዳይመካ ድኅነት የእግዚአብሔር ስጦታ መሆኑን ማስተማሩን ሁለቱም ያነባሉ። ጥያቄው ሰው ይጹም ወይስ አይጹም፣ ይመጽውት ወይስ አይመጽውት የሚል አይደለም። ጥያቄው ሰው በሞቱ ሰዓት በምን ላይ ይደገፋል የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ የሊቁም፣ የድኻይቱም፣ የንጉሡም፣ የእረኛውም መልስ አንድ ካልሆነ በቀር፣ የሚመለስ ሌላ መልስ የለም።

ስለዚህ በኢዮቤልዩ ቀን የተሠራውን የሚቈጥር ሁሉ ከተሠራው አስቀድሞ የተሰጠውን ይቍጠር። ድንጋዩን ያቆሙ እጆች፣ መቅደሱን የጠበቁ ካህናት፣ ስማቸው ያልተጻፈ፣ መሶባቸውን አጕድለው ለቤተ ክርስቲያን የሰጡ ሴቶች ሁሉ ሊመሰገኑ ይገባል። ነገር ግን እነርሱ ራሳቸው በዛሬው ቀን ቢጠየቁ፣ ሥራቸውን ትተው ያዘላቸውን ጌታ ባመሰገኑ ነበር። የአንኮበር ጉም በጧት ገደሉን ሁሉ ሲሸፍነው መንገዱ የጠፋ ይመስላል፤ ፀሐይ በወጣ ጊዜ ግን መንገዱ በስፍራው ሆኖ ይገኛል። ክራፕፍ በጉሙ ውስጥ ሄዶ ነበር፤ መንገዱን የሠራው ግን እርሱ አልነበረም።

መንገድም እውነትም ሕይወትም ለሆነው ለጌታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ፣ ከአብና ከመንፈስ ቅዱስ ጋር ክብርና ምስጋና ለዘለዓለሙ ይሁን፤ አሜን።